11 ሳንቲም የጎደለው የግቢ በር

በሩ በአይሱዙ ተጭኖ ሱሉልታ የደረሰው ጠዋት ነው። ባለ ሁለት መዝጊያ ትልቅ የብረት በር፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። አራት ሰው ተጋግዞ አወረደው። አንዱን መዝጊያ ከግራው ምሰሶ፣ ሌላውን ከቀኙ አስጠጉና መሃል ላይ እስኪገጥሙ ጠበቅን። አልገጠሙም። "ትንሽ ወደ መሃል ግፋው" አለ አንዱ። ተገፋ። መሃሉ ሲገጥም ጎኑ ተከፈተ። ጎኑን ሲያስጠጉት መሃሉ ተከፈተ። በመጨረሻ ዋናው በያጅ ምንም ሳይናገሩ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ከ60 ነው። በሩ 3 ሜትር ከ49።

የቤቱ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ሲመለከቱ ቆዩና እጃቸውን በክፍተቱ አሳልፈው ወዲያና ወዲህ አወዛወዙት። "እንግዲህ ሌባው እጁን አስገብቶ ሰላም ሊለን ነዋ፣ ልጄ" አሉኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የበሩን ድሮዊንግ፣ ማለትም የሥራ ሥዕሉን፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። ፕሪንት ያስደረግሁትም እኔ ነኝ።

ጥፋቱ የስሌት አልነበረም። የብየዳም አልነበረም። ፕሪንት ቤት ውስጥ፣ በአንዲት ክሊክ የመጣ ጥፋት ነው። ቤት የምታሠሩ፣ ፕላን የምትሠሩ፣ ወይም ለአናጢና ለበያጅ ሥዕል ይዛችሁ የምትሄዱ ሁሉ ይሄ እንዳይደርስባችሁ የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት በፊት ነው። ዘጠኝ ገጽ ድሮዊንግ በኤ1 ወረቀት ለማስወጣት ፕሎተር (ትልልቅ ወረቀት የሚያትም ማሽን) ያለው አንድ ፕሪንት ቤት ሄድኩ። ጀማሪ አልነበርኩም። ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ለልጁ ፋይሉን ሰጥቼ "ወንድሜ፣ መቶ በመቶ አድርገህ አውጣልኝ፣ እንዳታሳንሰው" አልኩት። "ችግር የለም እህቴ" አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ ወጣ። የራሴን ስኬል ማስመሪያ አውጥቼ አንድ ግድግዳ ለካሁ። 4 ሜትር የሆነ ግድግዳ በ1:50፣ ማለትም 50 ጊዜ አንሶ፣ ሲሳል ወረቀቱ ላይ 80 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ልክ 80 ነበር። ደስ አለኝ። "ቀጥል" አልኩትና ማኪያቶ ልጠጣ ወጣሁ።

ማኪያቶው ሳይደርስ መብራት ጠፋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጣ። ስመለስ ልጁ ሥራውን ጨርሶ ወረቀቶቹን ጠቅልሎ በላስቲክ አስሮ ጠበቀኝ። ከፍዬ ወጣሁ። አመስግኜውም ነበር፣ ፈጣን ልጅ ነው ብዬ።

በሩ ያልገጠመ ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ዘጠኙንም ገጽ ወለል ላይ ዘረጋኋቸውና አንድ በአንድ ለካሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ገጾች ትክክል ናቸው። ከስድስተኛው ጀምሮ ያሉት ሁሉ 97 በመቶ ናቸው። የበሩ ዝርዝር ያለበት ገጽ ዘጠነኛው ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም ጠፋ። ሲመጣ ልጁ ፋይሉን እንደ አዲስ ከፈተው። ፕሮግራሙ ደግሞ ቀድሞ የነገርኩትን አያስታውስም፤ ወደ ራሱ ልማድ ተመልሶ "ፊት" (Fit) የሚለው ምርጫ ላይ ቆሟል። ልጁ ፕሪንት ብሎ ተጫነ። አንድ ገጽ ለክቼ ስምንቱን አምኜ የወጣሁት እኔ ነኝ።

"ፊት" ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ እኔም ስሙን እንጂ ውጤቱን አላውቅም ነበር። ፕሪንተር እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ቀለም መጣል አይወድም። ዳር ዳሩን ትንሽ ነጭ ቦታ ይተዋል። "ፊት" የሚባለው ትእዛዝ ሥዕሉን በሙሉ ከዚያ ነጭ ቦታ ውስጥ አጨናንቆ ለማስገባት ያሳንሰዋል። ኤ1 ወረቀት 594 በ841 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱም ጎን 9 ሚሊ ሜትር ከተተወ 594 የነበረው ወደ 576 ይወርዳል። ይህ 97 በመቶ ነው። በዓይን አይታይም። ወረቀቱ ኤ1 ነው፣ ፍሬሙ አለ፣ ጽሑፉ ይነበባል፣ ሁሉም ያምራል። መጠኑ በግማሽ ቢቀንስ ኖሮ ማንም ያየው ነበር። ሦስት በመቶ ግን ዝም ብሎ ያልፋል።

በሩ በ1:20 ነበር የተሳለው። 3 ሜትር ከ60 ወረቀቱ ላይ 180 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው 174.6 ሆኖ ወጣ። ያንን በ20 ስታባዙት 3 ሜትር ከ49 ይመጣል። በያጁ ለክተው የቆረጡት ወረቀቱ የነገራቸውን ነው።

"ጋሼ፣ ግን ለምን ከወረቀት ላይ ለኩ?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፣ በትሕትና ቢሆንም ትንሽ ቅሬታ ነበረበት። ሰውየው አልተቆጡም። "ጠቅላላ ስፋቱን አልጻፍሽውም። ምሰሶውም ያኔ ገና አልተሞላም፣ ሄጄ እንዳልለካ። ወረቀቱ ላይ ስኬል 1:20 ይላል። አንቺው ጽፈሽዋል። ታዲያ ስኬል ለምን ይጻፋል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነታቸውን ነው። የእያንዳንዱን ብረት ውፍረትና የማጠፊያውን ቦታ ጽፌ ዋናውን ስፋት ረስቼዋለሁ። ስፋቱ ሌላ ገጽ ላይ፣ የግቢው ፕላን ላይ አለ። እሱን ገጽ ግን ለእሳቸው አልሰጠኋቸውም።

ስለዚህ ከዚያ ማታ የወሰድኩት የመጀመሪያ ትምህርት ከፕሪንት በፊት ነው የሚጀምረው። አንድ ገጽ ለብቻው ተቀዶ ለባለሙያ እንደሚሰጥ አስባችሁ ሥሩት። ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ልኬት በሙሉ በቁጥር እዚያው ገጽ ላይ ይጻፍ። ከስሩ ደግሞ "የተጻፈውን ልኬት ተከተሉ፣ በማስመሪያ አትለኩ" የሚል መስመር አስገቡ። እኔ በአማርኛ ነው የምጽፈው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንም አያነበውም፣ እውነቱን ለመናገር።

ተማሪ ሳለን ይሄ ሁሉ ግድ አይሰጠንም ነበር። ልደታ ህንፃ ኮሌጅ ስንማር የጁሪ ቀን፣ ማለትም ሥራችንን መምህራን የሚገመግሙበት ቀን፣ ሲደርስ ሌሊቱን ሳንተኛ እናድርና ጠዋት እየሮጥን ፕሪንት እናስደርጋለን። መምህራኑ ሥዕሉን ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይተቻሉ። በማስመሪያ የሚለካው ግን ማንም የለም። እዚያ ድሮዊንግ የሚታይ ነገር ነው። ሥራ ላይ ግን የሚቆረጥበት ነገር ነው። ይህ ልዩነት እስኪገባኝ አንድ የብረት በር አስከፈለኝ።

ከበሩ በኋላ በጣም ጠንቃቃ ሆንኩ። ፕሪንት ቤት ስሄድ ከልጁ ጎን ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ። "አክቹዋል ሳይዝ" የሚለው መመረጡን፣ ወይም ስኬሉ 100 መባሉን በዓይኔ ሳላረጋግጥ አላስጫንም። "ሽሪንክ" የሚል ቃል ካለበት ምርጫም እርቃለሁ። እሱ የ"ፊት" ወንድም ነው። ወረቀቱ በቂ የመሰለውን ይተወዋል፣ ትንሽ ካለፈ ግን ሳይናገር ያሳንሰዋል።

እንደዚያም ሆኖ በሚቀጥለው ሥራ ላይ እንደገና ተሳሳትኩ። ልጁ በትክክል 100 አድርጎ አወጣው። ለካሁት። አልሆነም። አሁንም ጎደሎ ነው። ልጁን ልቆጣው ስል እሱ ራሱ "እህቴ፣ ፋይሉ እንደዚህ ነው የመጣው" አለኝና የፒዲኤፉን መረጃ ከፍቶ አሳየኝ። የገጹ መጠን ኤ1 ይላል። ውስጡ ያለው ሥዕል ግን ፒዲኤፍ ስሠራው ነው የተነካው። አውቶካድ (ፕላን የምስልበት ፕሮግራም) ላይ ፕሎት ሳደርግ "ፊት ቱ ፔፐር" የሚለውን ምልክት ሳላነሳ ትቼዋለሁ። ስለዚህ ሥዕሉ ፕሪንት ቤት ከመድረሱ በፊት እኔው ቤት አንሷል። ፕሪንት ቤቱ የተበላሸውን ነገር በታማኝነት መቶ በመቶ አውጥቶልኛል።

ይህን ልብ በሉ፤ ስኬል የሚጠፋበት በር ሁለት ነው። አንዱ ፒዲኤፍ ሲሠራ፣ ሌላው ፒዲኤፉ ሲታተም። አንዱን ብቻ ብትዘጉ በሌላው ይወጣል። አውቶካድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሌይአውት ላይ ትክክለኛውን ወረቀት ምረጡ። የቪውፖርቱን ስኬል ሰጥታችሁ ቆልፉት። ሌይአውቱን ፕሎት ስታደርጉ ደግሞ ስኬሉ 1:1 ይሁን። ፍሬሙን ከወረቀቱ ጠርዝ ገባ አድርጋችሁ ሳሉት። እኔ በግራ በኩል 20፣ በሌሎቹ ጎኖች 10 ሚሊ ሜትር እተዋለሁ። እንዲህ ከሆነ ፕሪንተሩ ዳሩን ቢቆርጠውም የሚቆርጠው ባዶ ወረቀት ነው፤ ማንም "ፊት" ለማድረግ ምክንያት አይኖረውም። ብዙ ልጆች "ፊት" የሚያደርጉት ተንኮል አስበው አይደለም። ፍሬሙ ተቆርጦባቸው ደንበኛ የጮኸባቸው ቀን ስላለ ነው።

ስለ ፋይሉ ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። ዋናውን የካድ ፋይል ይዛችሁ ሄዳችሁ "እዚህ ክፈትና አውጣልኝ" አትበሉ። እኔ አንዴ አድርጌው የባለቤቷ ስም ያለበት የአማርኛ ጽሑፍ በሙሉ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ። በፓወር ግዕዝ ነበር የጻፍኩት፤ ልጁ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፎንቱ የለም። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል። ፍላሻችሁንም ከተመለሳችሁ በኋላ ስካን አድርጉት። ፎልደሮቼ ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆነው የጠበቁኝን ቀን መቼም አልረሳውም፤ የገባው ይገባዋል።

በቴሌግራም የምትልኩ ደግሞ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ የገጹ መጠንም አብሮ ይጠፋል። አንድ ጓደኛዬ ስልኩ ላይ ያለውን ስክሪንሾት ልኮ "በኤ3 አውጣልኝ" ብሏል። ወጣለት። የምን ስኬል እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ አንድ አስቂኝ ነገር ልምጣ። ያኔ ግን አላሳቀኝም ነበር። የሱሉልታው ቤት ባለቤት ልጃቸው አሜሪካ ነው፤ ለቤቱ ግንባታ ብር የሚልከው እሱ ነው። ፕላኑን በኤ3፣ በ1:100 አዘጋጅቼ ላክሁለት። አንድ ቀን ማታ ደወለ። ድምፁ ቀዝቀዝ ብሏል። "ሳሎኑን 6 ሜትር ነው ብለሽኝ አልነበር? እኔ ስለካው 4 ሜትር ነው" አለኝ። "እንዴት ለካኸው?" "ፕሪንት አደረግኩትና በማስመሪያ።"

ሰውየው ቤቱ ያለው ፕሪንተር የሚወስደው ሌተር የሚባለውን የአሜሪካ ወረቀት ነው። እሱ 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው። ኤ3 ደግሞ 297 በ420። ፕሪንተሩ 420ውን ወደ 279 አወረደው፤ ያ ወደ 66 በመቶ ነው። 60 ሚሊ ሜትር የነበረው ሳሎን 40 ገደማ ሆኖ ወጣ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "ስኬል 1:100" ግን አብሮ አልተቀየረም። ጽሑፍ እንደዚህ ነው፤ ወረቀቱ ቢያንስ ቢበዛ እሱ ቃሉን አይለውጥም። ሰውየው ግን ያን ቀን ሳሎኑን የሰረቅሁበት ነው የመሰለው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የስኬል ባር መሳል ጀመርኩ። ቀላል ነገር ነው። 0፣ 1፣ 2፣ 5 ሜትር የሚል ምልክት ያለበት አንድ መስመር ነው። ሥዕሉ ቢያንስ እሱም አብሮ ያንሳል፤ ስለዚህ አይዋሽም። በወረቀት ብጣሽ ባሩን ለክታችሁ ግድግዳው ላይ ብታስቀምጡት ከእውነት ብዙም አትርቁም። ከስኬሉ ጽሑፍ ጎንም የወረቀቱን መጠን እጽፋለሁ፦ "1:50 በኤ1፣ 1:100 በኤ3"። ኤ1ን ወደ ኤ3 ስታወርዱ ርዝመቱ ልክ በግማሽ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ይህ ንጹሕ ቁጥር ይሰጣል። ኤ1ን ወደ ኤ2 ብታወርዱ ግን 70.7 በመቶ ነው፤ 1:50 የነበረው በማንኛውም ማስመሪያ ላይ የሌለ ስኬል ይሆናል። ወደ ኤ2 ማውረድ ግድ ካልሆነ ይቅር። ፎቶ ኮፒም እንዲሁ ነው። ኮፒ ማሽኑ ጥቂት ያሳንሳል ወይም ያሳድጋል፤ ከኮፒ ላይ ኮፒ ሲነሳ ስሕተቱ ይደራረባል። ለመለካት የሚሰጥ ወረቀት ሁልጊዜ ከፋይሉ ይውጣ።

እስካሁን ያወራሁት 1:50 እና 1:20 ነው። ከባዱ ነገር ገና አልመጣም። ከባዱ 1:1 ነው።

አንድ ደንበኛ አናቱ ቅስት የሆነ የእንጨት መስኮት ፈለጉ። ወርዱ 1 ሜትር ከ20። አናጢው "ቅስቱን በቁሙ ልክ አውጪልኝ፣ እንጨቱ ላይ ለጥፌ እቆርጠዋለሁ" አለኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ፕሎተሩ የሚይዘው ጥቅል ወረቀት 914 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የ1200ውን ወርድ በጥቅሉ ርዝመት በኩል አጋደምኩት። መቶ በመቶ መሆኑን በዓይኔ አየሁ። ፒዲኤፉንም ቤቴ አረጋግጬዋለሁ። ሁለቱም በር ተዘግቷል።

በዚህ ጊዜ ግን አንድ ነገር ተምሬ ስለነበር ከቅስቱ ጎን 800 በ1000 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ስዬ ነበር፤ ለመፈተሻ ብቻ። ለካሁት። በወረቀቱ ስፋት በኩል ያለው 800 ነው። በርዝመቱ በኩል ያለው ግን 996። ደግሜ ለካሁት። 996።

የፕሎተር ቤቱ ልጅ (ይሄኛው ሌላ ልጅ ነው፣ ረጋ ያለ) አይቶ ወዲያው ገባው። ፕሎተሩ በስፋት በኩል የሚጽፈው የቀለም ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ነው፤ በርዝመት በኩል ግን ወረቀቱን ጥቂት ጥቂት እየጎተተ ነው የሚያወጣው። የወረቀቱ ዓይነት ሲቀየር፣ ወፍራሙ በቀጭን ሲተካ፣ አጎታተቱ ትንሽ ይዛባል። በእያንዳንዱ ጉተታ የሚጎድለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ልጁ ማሽኑ ላይ ያለውን የወረቀት አጎታተት ማስተካከያ አሠራውና እንደገና አወጣው። አሁን 1000 ሆነ። ለ1:50 ድሮዊንግ ይሄን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም፣ ማንም ከወረቀት ላይ በሚሊ ሜትር አይቆርጥም። ለ1:1 ግን በሁለቱም አቅጣጫ ሳትለኩ አትውጡ። አንድ አቅጣጫ ብቻ ለክቼ ብሆን ኖሮ 800ው ትክክል ስለሆነ ደስ ብሎኝ እወጣ ነበር።

ከጥግ እስከ ጥግም ለኩ። የሁለቱ ሰያፍ ርዝመት እኩል መሆን አለበት፤ በ800 በ1000ው ላይ 1280 ከግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እኩል ካልሆኑ ወረቀቱ ተጣሞ ነው የገባው። ስትለኩ ደግሞ የሜትሩን ጫፍ አትመኑ። ጫፉ ላይ ያለችው ቆልማማ ብረት ትላላለች። ከ10 ሳንቲም ምልክት ጀምራችሁ ለኩና 10ሩን ቀንሱ። እኔ ለአጭሩ ልኬት የብረት ማስመሪያ እይዛለሁ። ለረጅሙ ደግሞ የአናጢውን ሜትር ተውሼ ነው የምሄደው። ቀልድ አይደለም። የእኔ ሜትርና የእሱ ሜትር ካልተስማሙ ስሕተቱ ወረቀቱ ላይ አይታይም፣ ሲቆረጥ ግን ይታያል።

ትክክለኛውን ወረቀት በጥንቃቄ ጠቅልዬ ለአናጢው ወሰድኩለት። አላጠፍኩትም፤ እጥፋት ላይ ወረቀቱ ስለሚነሳ ልኬቱ ይዛባል። አናጢው በደስታ ተቀብሎ ኮምፔንሳቶ ላይ ዘረጋውና ኮላ ማምጣት ጀመረ። እኔ ዝም ብዬ አየሁት። ኮላውን በብሩሽ ሙሉ ለሙሉ ቀባው፣ ወረቀቱን ለጠፈው፣ በመዳፉ አሻሸው። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ ያንን አራት ማዕዘን ለካሁ። 1000 የነበረው ከ1000 አልፏል። ኮላው ውስጥ ያለው ውሃ ወረቀቱን አሳብጦታል።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ፒዲኤፉን አረጋግጫለሁ፣ ፕሎተሩን አስተካክለናል፣ ከጥግ እስከ ጥግ ለክተናል። መጨረሻ ላይ ውሃ አሸነፈን። ደግነቱ ሁለት ኮፒ አውጥቼ ነበር። ለ1:1 ሥራ ሁልጊዜ ሁለት አውጡ።

በሁለተኛው ኮፒ ላይ አናጢው ራሱ የተሻለ ዘዴ አመጣ። ወረቀቱን በደረቁ፣ በፕላስተር ብቻ ዳር ዳሩን አያያዘው። ከዚያ በቀጭን ሚስማር ቅስቱን እየተከተለ በየአምስት ሳንቲሙ ወጋ ወጋ አደረገው። ወረቀቱን ሲያነሳው ኮምፔንሳቶው ላይ ነጠብጣብ ቀረ። ነጠብጣቡ ላይ ሚስማሮች ተክሎ ቀጭን ዘንግ እንጨት አጎነበሰባቸውና በእርሳስ አሰመረ። ያ መስመር ከእኔ ፕሎተር መስመር የበለጠ ያማረ ነበር። መስኮቱ ያለ አንዳች መሸራረፍ ገጠመ። አሁን ለቅስት ሥራ የማዕከሉን ነጥብና የሬዲየሱንም ልኬት በቁጥር እጽፍለታለሁ፤ ወረቀቱ ቢጠፋ በገመድና በእርሳስ ሊያወጣው ይችላል።

ዛሬ ፕሪንት ቤት ስሄድ የማደርገው ነገር ረጅም አይደለም። እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ 100 በ100 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ካሬ አለ፤ "ይህ ካሬ 100 ሚሊ ሜትር ነው" ተብሎ ተጽፎበታል። ገጹ ሲወጣ ሁለቱንም ጎን እለካለሁ። አንድ ገጽ ለመለካት የሚፈጀው አሥር ሰከንድ ነው። መብራት ከጠፋ፣ ወረቀት ካለቀ፣ ልጁ ስልክ ካነሳ፣ ሌላ ደንበኛ መሃል ከገባ፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚወጣውን ገጽ በተለይ እለካለሁ። ሰልፍ በበዛበት ሰዓት አልሄድም፤ ጠዋት በጊዜ ወይም ከምሳ በኋላ ይሻላል። ከመክፈሌ በፊት ነው የምለካው። ከተከፈለ በኋላ ክርክሩ ይረዝማል፤ ወረቀቱ ደግሞ ውድ ነው። አንዱ ገጽ ጎደሎ ከሆነ ካሬዋን ብቻ አሳየዋለሁ። "ይሄው፣ 97 ነው" ስለው አይከራከርም። ካሬዋ ከመምጣቷ በፊት ስለ ስኬል ስንነጋገር እኔም እሱም የየራሳችንን ነበር የምናወራው።

ለወጣት ልጆች የምለው አንድ ነገር አለ። ፕሪንት ቤት ያለውን ልጅ አትናቁት። የማሽኑን አመል ከእናንተ በላይ ያውቃል። በትሕትና ከጠየቃችሁት የትኛው ወረቀት እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ፕሎተር እንደሚያዛባ ይነግራችኋል። እኔ የማዘወትረው ቤት ያለው ልጅ አሁን ፕሎተሩ ጎን የብረት ማስመሪያ በሲባጎ አስሮ ሰቅሏል። ሳልጠይቀው ራሱ ካሬዋን ለክቶ "መቶ ናት" ይለኛል። እኔም እንደገና እለካታለሁ። ይስቃል፣ ግን አይቀየምም።

የሱሉልታው በርም ቆሟል። ሁለቱም መዝጊያዎች ላይ፣ በማጠፊያው በኩል፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ተበየደ። ያ 10 ሳንቲም ሞላ፤ የቀረውን 8 ሚሊ ሜትር ማጠፊያዎቹ ተካፈሉት። ቁመቱም 6 ሳንቲም ከምናምን ስለጎደለ ከታች ላሜራ ተጨመረለት። የተጨማሪውን ሥራ ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ፤ በያጁ የብረቱን ብቻ ተቀብለው የእጃቸውን ተዉልኝ። ባለቤቷ ጭማሪዎቹን ወርቃማ ቀለም አስቀቧቸው። ባለፈው ለቡና ጠርተውኝ ስሄድ አንዲት ጎረቤታቸው በሩን እያደነቁ ያን ወርቃማ መስመር ከየት እንዳመጡት ጠየቋቸው። እሳቸው ወደ እኔ ሳያዩ ሲኒውን እያቀበሉ "ዲዛይን ነው" አሉ።